ቀይ ክር የታሰረበት ዘለላ

መርሳ አጠገብ ያለውን የወይን እርሻ ለጎብኚዎች አዙሬ ካሳየሁ በኋላ፣ ለቅምሻ ስቀዳላቸው፣ የወይን ጠጁ ገና ከጠርሙሱ አፍ ሲወጣ የተነከረ ዘቢብ ይሸተኛል፤ ሽታው ደግሞ ሁልጊዜ ይዞኝ የሚሄደው ወልድያ፣ እትዬ ለተብርሃን ግቢ ነው።

እትዬ ለተብርሃን የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴ ሚስት ነበሩ። ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ እሳቸው እዚያው ተወልደው ያደጉ ሲሆኑ፣ ከግቢያቸው በር እስከ ማድቤቱ ጣራ የተዘረጋ የወይን ሐረግ ነበራቸው፤ ጥላው የሰፈሩ ልጆች ሁሉ መዋያ ነበር። ታዲያ ሕግ ነበረው። ፍሬው መቅላት ሲጀምር እትዬ ከሁሉ ያማረውን ዘለላ መርጠው ቀይ ክር ያስሩበታል። ያ የማርያም ስለት ነው፤ ደርቆ፣ ዘቢብ ሆኖ፣ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ከዚያ ሐረግ አንዲት ፍሬ ወደ አፍ አትሄድም። «በዓይናችሁ ብሉ፣ እጃችሁን ግን ያዙ» ይሉናል። እኛም ምራቃችንን እየዋጥን፣ ሲብስብን ኮምጣጣውን ቅጠል እያኘክን እንጠብቃለን። የጎረቤታችን የሼህ ልጅ ሰኢድማ «ዘቢቡ ገባ ወይ?» እያለ ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ቀድሞ ይጠይቅ ነበር። የገባ ዕለት እትዬ ጉንጫችን እስኪወጠር ያጎርሱናል።

ይህን ታሪክ ጎብኚዎቼ ስለሚወዱት ደጋገምኩት፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አሳመርኩትም። በዚህ ግንቦት ከአዲስ አበባ የመጡት ግን ሐረጉን ካላየን ብለው ያዙኝ፤ ወሰድኳቸው። ሐረጉ አርጅቷል። ዘንድሮ ያፈራው አንድ ዘለላ ብቻ ነው፤ እሱም ቀይ ክር ታስሮበታል። እትዬ ዓይናቸው ቢደክምም በድምፄ ለዩኝ።

«ያንቺ እንግዶች ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዳ ከደጄ ባዶ አፉን አይመለስም እንግዲህ» ብለው ሐረጉን በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ፤ ክሩን ፈትተው ዘለላውን ቆረጡት።

አንድ ቃል ብናገር መቆረጡ ይቀር ነበር። እንግዶቹ ግን ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ሲያነሱ፣ ደስታቸውን ሳይ፣ እንጀራዬም እነሱ ናቸውና ዝም አልኩ። ይባስ ብሎ እትዬ ሲያቀርቡልኝ እኔም አንዷን ፍሬ ጎረስኩ። ጣፋጭ ነበረች፤ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከእርሻው አንድ ሣጥን ሙሉ ወይን ይዤ ተመለስኩ።

«እትዬ፣ ለዘቢቡ ይሁንዎ።»

በጣቶቻቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ መረቁኝ። ከዚያ የሰፈሩን ልጆች ጠርተው እስኪያልቅ ድረስ አደሏቸው።

«የኔ ልጅ፣ በሰው ፍሬ ስለት አይገባም» አሉኝ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹ ወይኑን እየተሻሙ በሩጫ ወጡ፤ ጠብቁ ያላቸው አልነበረም። እኔ በእነሱ ዕድሜ፣ ርቦኝ እንኳ፣ አንድ ወቅት ሙሉ መጠበቅ አላቃተኝም ነበር፤ አሁን ጠግቤ አንዲት ቃል መናገር አቃተኝ። የዘንድሮው ቅዳሴ የእትዬ ዘቢብ ሳይኖርበት ሊያልፍ ነው።

ልሰናበታቸው ዞር ስል ባዶው ሐረግ ሥር ቆመው ቀዩን ክር መልሰው እያሰሩ ነበር።

«ለከርሞ» አሉኝ፣ «ካደረሰን።»

ተመልሼ ሐረጉን ያዝኩላቸው።