ፍየሎቹ ላይ፣ እናቴ ታች

እናቴ ከቤታችን የምትወርድበትን መንገድ በራሷ አፍ ወስናው ነበር። «ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወርደው በቃሬዛ ነው» ትላለች፣ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ፣ ነገ ገበያ ነው እንደማለት ቀለል አድርጋ።

ቤታችን ሰቆጣ ቁልቁለቱ ላይ የተሠራ የድንጋይ ፎቅ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጉልበቱ ዘመን የገነባው። እንዳገራችን ደንብ ሰው ከላይ፣ ከብት ከምድር ቤቱ። ወደ ላይ የሚያስወጣው በውጭ በኩል የተደረደረ የድንጋይ ደረጃ ነው። አባቴ ረጅም ሰው ነበርና እርከኑን የለካው በራሱ ቅልጥም መሰለኝ፤ እኔ እንኳ በደህና ጉልበቴ ስወጣው አቃስታለሁ። እናቴ አንድ ክረምት አዳልጧት ወደቀች። እግዜር አተረፋት፣ ጉልበቷ ግን እንደነበረ አልተመለሰም። ወንድሜ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎጆ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበርና «ነይ አዝዬ ላውርድሽ» ሲላት ትቆጣለች።

«ያዘልኩት ልጅ ሊያዝለኝ? ቤተ ክርስቲያን በሰው ጀርባ ተሂዶ ያውቃል?»

እንዲህ እንዳለች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ደወል ሲደወል መስኮቱ ላይ ቆማ ትሳለማለች። ጎረቤቶቿን ከላይ ሆና በጩኸት «እንዴት አደራችሁ?» ትላለች፤ እነሱም አንገታቸውን አንጋጠው ይመልሳሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቅ ነበር። በኋላ ሰላምታው እያጠረ፣ የሚያነጋግራት ሰው እየቀነሰ መጣ። እሷም ዝም ማለት አበዛች። ያቺ በሳቋ ሰፈር የምትቀሰቅስ ሴት!

ሚሊኒየሙ ሊብት ጥቂት ሲቀረው ወንድሜ ለጉዳይ ወልድያ ደርሶ ተመለሰ። እዚያ ሰዎች ምድር ቤታቸውን አሳምረው ሲኖሩበት አይቶ ኖሮ፣ ገና ጋቢውን ሳያወርድ «እማ፣ ምድር ቤቱን ላድስልሽ ነው፤ ደረጃ የለ፣ ገደል የለ፣ ከአልጋሽ ተነስተሽ ደጅ!» አላት። እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«እኔ ከታች ሆኜ ሰው በላዬ ሊራመድብኝ?» አለች። «ከታች የሚያድረው ከብት ነው። አባታችሁ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ላይ ነው ያስገባኝ።»

«እሺ፣ እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ» አልኳት። አስተማሪ ነኝ፤ አላገባሁም፤ ላይ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። «ማንም አይራመድብሽም። ላዩ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ? ባዶ ቤት ሰይጣን ይሰፍርበታል!» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች።

እስቲ አሁን ይሄን ፍቱት! ሰው ካለበት ይራመድባታል፤ ሰው ከሌለበት ሰይጣን ይገባበታል። ወንድሜ ደግሞ ግትር ነው፤ በማን ይውጣ። «መጀመሪያ ይሠራ። ሲያምር ስታየው ትወርዳለች» ብሎ ከኮረም የመጣ ግንበኛ ይዞ ከች አለ።

ግንበኛው ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ጉራው! «እኔ የጣልኩት ሊሾ ላይ ዝንብ ያዳልጣታል» ይል ነበር፣ ያችን የሚያብለጨልጭ የሲሚንቶ ወለል ማለቱ ነው። መጀመሪያ ግን ምድር ቤት የሚያድሩትን ፍየሎቻችንን ማስወጣት ነበረብን። ሥራው እስኪያልቅ የታችኛው ጎረቤታችን ከራሱ ፍየሎች ጋር ሊያውላቸውና ሊያሳድራቸው ወሰዳቸው። ከዚያ ቁፋሮው መጣ።

ምን ልበላችሁ! ከአባቴ ዘመን ጀምሮ የተረገጠ በጠጥና ፍግ ተነባብሮ ደርቆ፣ ዶማ አይበግረውም። ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ሴቶቹ ፍጉን ለጓሯቸው በዘንቢል እየተሸከሙ፣ ወንዶቹ እየቆፈሩ፣ አቧራው እያስነጠሰን፣ አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ሌላው «ይማርህ» እያለ ዋልን። ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባበት የነበረው ምድር ቤት ቀስ በቀስ ቁመቱ እየረዘመ መጣ። ለካ ቤቱ አጭር አልነበረም፤ ፍጉ ነው ያሳጠረው! ወለሉ ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ በመጨረሻ ከደጁ ጋር እኩል ሆነ፤ አንድ እርከን እንኳ የለውም። ወንድሜ መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጣሪያውን መንካት ሲያቅተው ዘለለ። ትልቅ ሰውዬ፣ የልጆች አባት፣ እንደ እምቦሳ ዘለለ።

እናቴስ? እናቴማ ከመስኮቷ ሆና መሐንዲስ ሆነች።

«እኔ አልገባበትም እንጂ፣ መስኮት የሌለው ቤት መቃብር ነው!» ትላለች። መስኮት ተከፈተ። ግድግዳው ውፍረቱ ክንድ ነውና ሲፈነቀል ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ተንቀጫቀጨ።

«እኔ አልተኛበትም እንጂ፣ ከዳገቱ በኩል ክረምት ክረምት ውሃ ያንጠባጥባል!» ከቤቱ ጀርባ ቦይ ተቆፍሮ ድንጋይ ተሞላበት።

«እኔን አያገባኝም እንጂ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀቡት፤ ዓይን ይብራ!» ኖራ ተቀባ። የጣሪያው ርብራብ አፈር እንዳያራግፍ የታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተን ኮርኒስ ወጠርንለት። እሱንም ከላይ ሆና ስፌቱ ተንጋዷል አለችን። ሳታየው!

ስትናደድ በኽምጣንጋ ነው የምትሳደበው፤ አማርኛ አይበቃትም። ግንበኛው ቋንቋውን ስለማያውቅ ምርቃት መስሎት ኮፍያውን አንስቶ «አሜን እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎ!» ይላታል። እኔና የወንድሜ ሚስት ውሃ ልንቀዳ ነው ብለን ሮጠን ከቤት ጀርባ እንሄድና ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

ግን አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ስወጣ ከመስኮቱ ዞር ብላ ተቀምጣ አገኘኋት። «ቆንጆ ይሆናል አይደል?» አለችኝ። «በጣም እማ። ለምን አትወርጂም ታዲያ?» ስላት «የሞተ አባታችሁ ቤት ሰይጣን ሲገባበት ቆሜ አላይም፤ የልጄንም ኮቴ በራሴ ላይ አልሰማም» አለችና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋችው። እውነቷን ነበር፤ እየቀለደች እንዳልሆነ ዓይኗ ያስታውቃል። በዚያ ከቀጠለች ያንን የሚያምር ቤት ለማን ልንሰጠው ነው? ታች ወርጄ ለወንድሜ ስነግረው እሱ ዶማውን አንስቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሊሾው ቀን ደረሰ። ግንበኛው ቀይ ቀለም የተቀላቀለበትን ሲሚንቶ አፍስሶ፣ በታሎሻው እያሸ እያለሰለሰ፣ ከውስጥ ጀምሮ ወደ በሩ እያፈገፈገ ወጣ። አምሳለ መስታወት! ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአዲሱ መስኮት ገብታ ወለሉን እሳት አስመሰለችው። ሁላችንም ደጅ ተደርድረን አየን። ወንድሜ «ሥራው አለቀ!» ብሎ ጮኸ፣ ከደስታ ብዛት፣ ለሰፈሩ ሁሉ።

የታችኛው ጎረቤታችን ሰማ። ሥራው ካለቀማ ብሎ ምን አደረገ? ፍየሎቻችንን ለቀቀልን።

ይኸውላችሁ የኛ ነገር! መስኮቱን አሰብን፣ ቦዩን አሰብን፣ የኮርኒሱን ስፌት ሳይቀር ተጨቃጨቅንበት። ከደቦው ሁሉ፣ ከግንበኛው፣ ከአስተማሪዋ ከእኔ፣ «ፍየሎቹ በኋላ የት ይግቡ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አንድም! ፍየሎቹ ግን ቤታቸውን አልረሱም። በቁልቁለቱ ሥር አቧራ ተነሳ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ጢም ተግተልትሎ ግቢ ገባ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። በብብቱ ሥር አለፉ፤ በእግሩ መሃል አለፉ።

«ሊሾዬ! ኧረ በማርያም ሊሾዬ!» ግንበኛው አናቱን ያዘ።

እርጥቡን ሲረግጡት አዳለጣቸው። አንዱ ወጠጤ በቂጡ ተቀምጦ ሲንሸራተት አየሁና በሳቅ እንኳን ላባርር መቆምም አቃተኝ። ወንድሜ በስንት ጩኸት አዞራቸው። ከበሩ ሲወጡ ግን መንገዱን የዘጋነው እኛው ነን፤ ስለዚህ ወዴት ይሂዱ? ደረጃውን ያዙት። ያንን እናቴን ያሰራትን ደረጃ ግር ብለው፣ ቀይ ኮቴያቸውን እያተሙ፣ ሽቅብ! የላይኛውን በር ገርበብ አድርጌ የተውኩት እኔው ነኝ። አንድ በአንድ ገቡ።

ድርቅ ብለን ቀረን። እናቴ ላይ ብቻዋን ናት።

ከዚያ ሳቅ ሰማን። መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ እየሰፋ፣ ከዚያ ያ የድሮው፣ ሰፈር የሚቀሰቅሰው ሳቅ። ወንድሜ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ ሮጠን ወጣን። እናቴ መደቧ ላይ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች። ፍየሎቹ ከበዋታል። አንዷ አልጋዋ ላይ ወጥታለች፤ ሌላዋ የሰሌን ባርኔጣዬን ታኝካለች።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!» ትላለች እናቴ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

ወንድሜ ዱላ አነሳ። «ተዋቸው!» አለችው። ሳቋን ቀስ በቀስ ዋጠችና ፍየሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ጣሪያውን አየች፣ ወለሉን አየች። የሆነ ነገር እያሰበች እንደሆነ አወቅሁ።

«ቤቱ ባዶ አይሆንማ» አለች። «ሰውም አይራመድብኝም። ሰው አይራመድብኝ አልኩ እንጂ፣ ፍየል አይራመድብኝ መቼ አልኩ?»

ወንድሜ ዱላውን ጥሎ እግሯ ሥር ተንበረከከና ጉልበቷን ሳመ። እኔማ እልልታዬ ፈነዳ። ታች ያሉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ግንበኛው ጉዳዩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ሽንታቸው እኮ በኮርኒሱ ይንጠባጠብብዎታል!»

«አንተ ምን ልትሠራ ነው ታዲያ እዚህ ያለኸው?» አለችው፣ በአማርኛ።

ላይም ሊሾ ተደረገ፤ ዘንበል ተደርጎ፣ ሽንቱ በቱቦ ወደ ጓሮ እንዲወጣ። በሰቆጣ ሊሾ ላይ የሚተኙ ፍየሎች የኛ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የታችኛው ወለል ላይ ኮቴ የታተመበትን ግንበኛው ሊያስተካክል ቢለምናት ከበሩ አጠገብ ያለውን አልነካም አለች። «እንደሱ ይሻለኛል፣ እግሬን ያዝ ያደርግልኛል» አለችው። እሱም ስለዝንቧ ከዚያ በኋላ አላነሳም።

የወረደችው በወንድሜ ጀርባ ነው፤ ያችን አንድ ቀን ብቻ ፈቀደች። ታች ሲያደርሳት መሬቱን በእግሯ ነካ ነካ አድርጋ «ይኸው፣ ከነነፍሴ ወረድኩ!» አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው ጠበል ሲረጩ ከላይ ኮቴ ሰሙና ቀና ብለው «ማነው ላይ ያለው?» አሏት። «የቤቱ ባለቤቶች ናቸው አባቴ፣ እኔ ተከራይ ነኝ» አለቻቸው። አባም ጠበሉን እስኪያፈሱት ሳቁ።

በቀጣዩ እሑድ ስነቃ አልጋዋ ባዶ ነው።

ደነገጥኩ። ከልማድ ብዛት ምን አደረግሁ? ደረጃውን ሽቅብ ሮጥኩ! በሩን በርግጄ ስገባ ፍየሎቹ እያመነዠኩ አዩኝ። ተመልሼ ወረድኩና ወንድሜን ቀሰቀስኩ፤ ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳላጣፋ መንገድ ገባሁ። ምርኩዟ የለም፤ ጫማዋም የለም። በየጉድባው እያየሁ፣ ወድቃ ይሆናል እያልኩ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረስኩ።

ሴቶቹ መሃል ቆማለች። ነጭ ለብሳ፣ ምርኩዟን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ስጠጋት ገለጥ አድርጋ አየችኝና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት እየሳቅሁ ነው፤ ሰው ምን ይል ይሆን አላልኩም።

ሲያልቅ ወደ ቤት ነው ብዬ ክንዷን ያዝኩ። የት ልትሄድ! ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታችን ያለውን በር አንድም አላለፈችም። በየደጁ እየቆመች፣ ጉንጭ እያጋጠመች ትስማለች። የተወለደ ልጅ ታያለች፤ ለሞተ እግዜር ያጥናችሁ ትላለች፤ የሁለት ዓመቱን ሁሉ በአንድ ጠዋት። ሰዎቹ እንዳያንጋጥጡ እሷ ናት አሁን ደጃቸው የቆመችው። ፀሐዩ አናት መብሳት ጀመረ።

«እማ፣ በቃ እንሂድ፤ ጉልበትሽን ያምሻል» አልኳት።

«አንቺ ሂጂና ፍየሎቹን ልቀቂያቸው፣ ተርበዋል» አለችኝ ክንዷን እያስለቀቀች። «እኔ ገና ያልሳምኩት ሰው አለ።»