ለጠያቂ መነሳት

ጉልበቴ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላ፣ ሲኤምሲ ባለው ቤቴ ውስጥ ከማስታገሻው የተነሳ አልጋዬ እንደ ደመና ይንሳፈፍብኝ ነበር። ሐኪሙ ግን «የደም ማቅጠኛ መርፌዎን እየተወጉ ይራመዱ፤ እግርዎ ውስጥ ደም ረግቶ ሳንባዎ ከደረሰ ይገድልዎታል» ብሎኛል። ጠያቂዎቼ ደግሞ «አይነሱ፣ በሞቴ!» እያሉ መልሰው ያስተኙኛል።

ፊደልን ከመገናኛ ሰፈር የሱቅ ማስታወቂያ ብቻዬን የለየሁ ሰው ነኝና መላ አላጣሁም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እንደ ወጋችን «ኖር!» እያልኩ፣ በምርኩዝ ተነስቼ እንግዳዬን ደጅ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩ።

«ሰውዬ፣ የተቀየረው ጉልበትዎ ነው ወይስ ጭንቅላትዎ?» አሉኝ ሊጠይቁኝ የመጡ ጎረቤቴ።

«ጭንቅላቴማ ቅያሪ አይገኝለትም!»

ጠያቂ በጠፋበት ከሰዓት ነፋስ በሩን ሲነካው፣ በሰመመን ለእሱም ተነስቻለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ እግሬን መርምሮ «ደም አልረጋም፤ ጎበዝ ነዎት» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።