በጭድ የተፈተነው ሄሊኮፕተር

ባለቤቴ የሄሊኮፕተር አብራሪ ነበር። የሞተበትን ሄሊኮፕተር የመረጡትን ሰዎች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ ምሳም አብልቻቸዋለሁ። ስለ እነሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ያስቸገረኝ ሐዘኑ አይደለም፣ ንቀቴ ነው። ንቀት ያቻኩላል፤ እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ጦሩ አዲስ ሄሊኮፕተር፣ እንዲሁም ከላይ እየደበደበ እግረኛውን የሚያግዝ አውሮፕላን ሊገዛ ነው ተባለና መራጭ ቡድን ተቋቋመ። ሰብሳቢው በሕይወቱ አንድም ቀን ምንም ነገር አብርሮ የማያውቅ ኮሎኔል ነበር። ባለቤቴ ሻምበል ስለሆነ ከአብራሪዎች ወገን ተጨመረ። እኔ መርሳ አስተምር ነበርና ፈቃድ ሲያገኝ እየመጣ ስለ ምርጫው ያጫውተኛል።

ለአውሮፕላኑ ሁለት ዓይነት ቀርቦላቸው ነበር። አንዱ ዝግ ብሎ የሚበር፣ አብራሪው ከታች ያለውን ወገንና ጠላት ለይቶ የሚያይበት፣ በጥርጊያ ሜዳም የሚያርፍ ነው። ሌላው ፈጣን ነው፤ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። ኮሎኔሉ ፈጣኑን መረጠ። ለምን ሲባል፣ "በአብዮት በዓል ከአደባባዩ በላይ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል አስቡት" አለ። ሌሎቹ አሰቡትና እጃቸውን አወጡ።

"አንተስ ምን አልክ?" አልኩት።

"በዚያ ፍጥነት ከታች ያለው የኛ ይሁን የነሱ አይለይም አልኩ።"

"እነሱስ?"

"ሻይ ይምጣ አሉ።"

አውሮፕላኑን እሱ አያበረውም። ሄሊኮፕተሩን ግን የሚያበረው እሱ ነውና በዚያ ላይ ዝም አላለም። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፣ ከፍታ ሲጨምርም ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ከባድ ነገር አይሸከምም። የጭነቱን ልክ የሚናገረው የሻጮቹ ወረቀት የተጻፈው በሜዳና በብርድ አገር ነው። ስለዚህ፣ "መርሳ አምጡትና በቀትር ፀሐይ፣ ሙሉ ጭነት ጭኖ፣ በስተምዕራብ ካለው ተራራ አናት ላይ አርፎ ይነሳ። እዚያ ላይ ቁስለኛ የማነሳው እኔ ነኝ" አላቸው። እሱ ከመርሳ አጠገብ ባለችው ግራና ተወልዶ ያደገ ነውና ተራራውንም ሙቀቱንም ያውቃል። የሚገርመው፣ እሺ አሉት። ኮሎኔሉ የአካባቢያችንን፣ የሐብሩን ሙክት ዝና ሰምቶ ኖሯል።

ከዚያ ፈተናው ሰልፍ ሆነ። ትምህርት ተዘጋ፤ ተማሪዎቼ መፈክር አጠኑ። እኛ የሴቶች ማኅበር አባላት ወጥ ሥሩ ተባልን። ገበሬ ማኅበሩ የጭነቱን ጆንያ በወንዝ አሸዋ እንዲሞላ ታዘዘ። በመጨረሻው ሰዓት ፈተናው ከቀትር ወደ ጠዋት ተዛወረ። ባለቤቴ ሲቃወም ኮሎኔሉ፣ "ጓድ ሻምበል፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ በፀሐይ ልትፈጀው ነው?" አለው። ለሕዝቡ ሲያዝን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሄሊኮፕተሩ አቧራውን አስነስቶ፣ ጥምጥም እየገፈፈ ተነሳ። የሚያበሩት የሻጮቹ ሰዎች ነበሩ። ተራራው ላይ ወጥቶ አረፈ፤ እንደገና ተነስቶ በዝንብ ቅለት ተመለሰ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ "ወላሂ፣ ተራራ እንዲህ ከቀለለውማ ማገዶ ያውርድልኝ" አሉ።

"አስቀድሞ አንቱን ይውሰድልኝ" አሉ ባለቤታቸው።

ሰው ሲስቅ ባለቤቴ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሄዶ አንድ ጆንያ በአንድ እጁ ብድግ ሲያደርግ አየሁት። ፊቱ ተለወጠ። ጆንያውን ፈታው። ከላይ ሁለት እፍኝ አሸዋ፣ ከታች ጭድ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጠራው፤ የበዓል ኮቱን የለበሰ ደግ ሰው ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጤፍ ጭድ ነው፣ ጓድ ሻምበል።"

"አሸዋ አልተባለም?"

"ተብሏል። ግን እንግዳ ነው። ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ ሕዝብ ፊት ጭነት ከብዶት ቢቀር ለኛስ ምን ክብር አለው? እንዳያፍር ብለን አቀለልንለት።"

"እንግዳው ብረት ነው እኮ።"

"ያመጡት ግን ሰዎች ናቸው።"

ይህን ሰው አልናቅኩትም። በእኛ አገር እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው፤ እሱ የሚያውቀውን አደረገ። ንቀቴን ያቆየሁት ዳስ ውስጥ ማዕድ ከበው ለተቀመጡት ነው። ባለቤቴ ገብቶ ሲነግራቸው ጭልፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ኮሎኔሉ እስኪያስለው ሳቀ።

"መውጣቱን ሕዝብ አይቷል። አሁን ሕዝብ ፊት ላውርደው?"

"አሸዋ ሞልተን ከቀትር በኋላ አንዴ ብቻ እንሞክረው፣ ጓድ ኮሎኔል።"

"ጓድ ሻምበል፣ ምሳ ቀርቧል።"

"የሚሞትበት ሰው ነው።"

"ያላመነ ያብርረውና ይመን" አለ ኮሎኔሉ። ማዕዱ ሁሉ ሳቀ። ሄሊኮፕተሩ የተመረጠው እንዲህ ነው። በአፋቸው ጉርሻ ነበር።

እንግዶቹ ሄደው ድስት ስናጥብ ባለቤቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ሥራውን ልልቀቅ ቢል እስር እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቃለን።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ግማሽ እጭናለሁ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ተራራ ላይ አላርፍም።"

ቃሉን ጠበቀ። የተረፈው ጭነት በሌላ ምልልስ ይሄዳል። ጓደኞቹ ባለ ግማሽ እያሉ ቀለዱበት፤ ኮሎኔሉ በስብሰባ ላይ ፈሪ አለው። እሱ ግን በሕይወት እየተመለሰ መርሳ ይመጣል፣ እኔም ዓይኑን አያለሁ።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲጠጋ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከከተማው በላይ ካለ ተራራ ቁስለኛ አንሳ ተባለ። የሆነውን የነገረኝ ወልድያ ሆስፒታል ያገኘሁት፣ በሕይወት የተረፈ ወታደር ነው።

"ግማሻችንን አስገባና በሩን ሊዘጋ ነበር" አለኝ። "የቀረነው አልለመንነውም፣ እትዬ። ዝም ብለን አየነው። በሩን ለቀቀና ግቡ አለን።"

ሄሊኮፕተሩ የቤት ጣሪያ ያህል ከፍ እንዳለ ክብደቱ ጎተተው፤ ከዚያ በገደሉ በኩል ወረደ።

ለቅሶው ግራና፣ አባቱ ቤት ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት መጥቶ፣ "አብሽሪ" ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ኮሎኔሉ በመኪና መጣና ዳሱ መሐል ቆሞ ተናገረ። ሄሊኮፕተሩ እንከን የሌለበት መሆኑ እዚሁ መርሳ ላይ ተረጋግጧል፤ ጓዱ በጀግንነት ስሜት ተገፋፍቶ ከሚገባው በላይ ጭኖ ነው፣ አለ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"ከሚገባው በላይ ሲሉ፣ የሚገባው ስንት ነው፣ ጓድ ኮሎኔል?"

አብሮት ወደመጣው መኮንን ዞረ። መኮንኑ መሬት መሬት አየ።

"የመረጡት እርስዎ አይደሉም?"

"ይህ ቦታው አይደለም" አለ።

"ቦታውማ ያኔ ነበር። ምሳ ቀርቦ ነው።"

አማቼ ክንዴን ያዙኝ። "ተይው ልጄ፤ እንግዳ ነው" አሉ። ተውኩት። አስቀመጡት፤ ውሃ ለእጁ አፈሰሱለት፤ ደግሞም በላ። ስንት ሰው እንደሚያነሳ ሳያውቅ የመረጠውን ነገር፣ ሰው ከገደለ በኋላም ሳያውቀው እጁን ታጥቦ በላ። ይህን የማየት ጽናት ከየት እንዳገኘሁ ዛሬም አላውቅም።

ከዓይነቱ ሌሎች ስለነበሩ በረራው ቀጠለ። የባለቤቴን ቦታ የተካው አብራሪ ከአርባው በኋላ መርሳ ድረስ ሊያጽናናኝ መጣ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሻምበል ስንት ሰው ነበር የሚጭነው?" አለኝ።

"ከሚሉህ ግማሹን። ከቀትር በኋላ ደግሞ ተራራ ላይ አያርፍም ነበር።"

"ሙሉ ጫን ነው የሚሉኝ።"

"የሚሉህ ሰዎች ይሳፈሩና ያኔ ሙሉ ጫን።"

ፈገግ ሊል ሞከረ። ከልቡ ይስማኝ፣ ወይም ሐዘንተኛ ናት ብሎ ይታገሰኝ፣ አልለየሁም። ሚስት እንዳለው ጠየቅኩት። አዎ፣ እናቷ ዘንድ ናት አለኝ።

"ለእሷም ንገራት" አልኩት። "ቁጥሩን ቤትህ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ይኑር።"