«ሀ»ን ከ«በ» የለየችው ጣውላ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ጀማሪ የፊዚክስ መምህርት ሳለሁ ፊደል የሚለይ ማሽን ካልሠራሁ ብዬ ተነሣሁ። ስለ ሰው ሠራሽ ነርቭ አንድ አሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር። በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ፣ ጣውላ ላይ ማብሪያ ማጥፊያዎች ደረደርኩ። ከእነሱ ወደ መሐል መገናኛዎች፣ ከመገናኛዎቹ ወደ አንዲት አምፖል፣ ሬዚስተር ያለባቸውን ሽቦዎች እንዳገኘሁ አገናኘሁ። ማብሪያዎቹን በፊደል ቅርጽ እየከፈትኩ «በ»ን ስጽፍ አምፖሏ እንድትበራ፣ «ሀ»ን ስጽፍ እንድትጠፋ ነበር ምኞቴ። እሷ ግን ለመጣው ሁሉ ትበራለች።

መጽሔቱ ላይ የእያንዳንዱ ሽቦ ኃይል በሚዞር ቁልፍ ይስተካከላል። እኔ ያን ሁሉ ቁልፍ ከየት ላምጣ? ሽቦ ብቻ ጨመርኩ። ባልደረቦቼ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያሉ ሳቁብኝ፤ የእኔ ድር ዝንብ እንኳ አልያዘም።

አንድ ቅዳሜ የወርክሾፑ ኃላፊ መጡ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የአርሲ ሰው ናቸው። የአብዮት በዓል ደርሷል፣ የድምፅ ማጉያው ተቃጥሏል።

«ልጄ፣ ለጥገናው ሰኞ ጠዋት ሬዚስተሮቹን እፈልጋለሁ። ማሽንሽ ይፈርሳል።»

«ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«ለእኔስ ማን ይስጠኝ?»

እውነታቸውን ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፒንሳ ይዤ ገባሁ። በሰው እጅ ከሚፈርስ በራሴ እጅ ይፍረስ ብዬ ነው። ጥቂት ሽቦ እንደ ቆረጥኩ፣ ለስንብት ያህል «ሀ»ን ጻፍኩ። አምፖሏ ፈዘዝ አለች። «በ»ን ጻፍኩ፤ ደመቀች።

ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ለካ የሽቦውን ኃይል መቀየር ባልችልም የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይውጣ ማለት እችላለሁ! አንድ እቆርጣለሁ፣ ሁለቱንም ፊደል እሞክራለሁ፤ ከረዳ እንደተቆረጠ ይቆያል፣ ከጎዳ መልሼ እጠመዝዘዋለሁ። ነፋሱ በመስኮት አቧራ ሲሞጅርብኝ ዋለ። ራበኝ፤ አልተነሣሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምፖሏ ለ«በ» ትበራለች፣ ለ«ሀ» ድርግም ትላለች። አንዱን ማብሪያ ብዘለው እንኳ አልተሳሳተችም። የቀሩት ጥቂት ሽቦዎች መጀመሪያ እንዳሰርኳቸው ናቸው፤ ሥራውን የሚያውቁት እነሱ እዚያው የሽቦ ጫካ ውስጥ ነበሩ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ሰኞ ኃላፊው ፊታቸውን አኮሳትረው መጡ። ከተቆረጡት ሽቦዎች ጋር ወለሉ ላይ የተከመረውን ሬዚስተር በሁለት እጄ አፍሼ ሰጠኋቸው። የሚፈልጉትን መርጠው፣ የተረፈውን መለሱልኝና የተራቆተውን ጣውላ አይተው አዘኑ።

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። ማሽንሽን ግን ጨረስኩብሽ።»

«ማሽኑማ ይኸው» አልኳቸውና «በ»ን ጻፍኩ።

አምፖሏ በራች።