ሁሉም ፊታውራሪ የሆነበት ጦር

ልብስ ሰፊው ምሳው ሰቆጣ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ኪስ አጠንክሮ በመስፋትና አፉን ባለመስፋት። ፃግብጂ ተወልዶ፣ ፊደል ከቄስ ቆጥሮ፣ የቀረውን ያገኘውን ወረቀት ሁሉ እያነበበና ደንበኛ እየጠየቀ ራሱን ያስተማረ ሰው ነው። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ ልጆቹን አሳድጓል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው ቢያጥርለትም ወሬው አያጥርለትም።

ዘንድሮ ለአርበኞች ቀን የጠላት ዘመን ውጊያ ሜዳ ላይ በትርኢት ይታይ ተባለና የልብሱ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ደስ አለው። የአገሩ ጦር አሰላለፍ እንደሆነ በቃሉ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ዋናው አዝማች መሐል፣ ደጀን ከኋላ፤ ከደጀኑም ኋላ ስንቅ ያዘለችው ሴት ከነአህያዋ። በጣሊያን ወገን ደግሞ ነጩ መኮንን ከኋላ ሆኖ ያዛል፣ በደመወዝ የተቀጠረው ጥቁር ወታደር፣ አስካሪው፣ ከፊት ሆኖ ይሞታል፤ ከአስካሪውም ፊት መንገድ የሚመራው ባንዳ የዚሁ አገር ልጅ ነው።

ችግሩ የመጣው ልክ ሲለካ ነው። የመጣው ሁሉ ፊታውራሪ ሆነ። አያቱ ፊታውራሪ ስለነበሩ ጥልፍ ያለው ካባ የሚያዝ፣ ያንዱን ካባ አይቶ የራሱን የሚያስረዝም። ግራዝማች እንኳ የሚሆን ጠፋ። ስንቅ ትይዛለህ የተባለ ጎረምሳ እስከዛሬ እንዳኮረፈ ነው። ለአስካሪዎቹ የተሰፉት ታርቡሽ የሚባሉት ቀያይ ቆቦች ግን ከጫፋቸው በሚወርደው ዘርፍ ዝንብ እያባረሩ ምስማር ላይ ቀሩ።

«እኔ የምለው፣» ይላል ምሳው ክር በጥርሱ እየበጠሰ፣ «ሁሉም ከፊት ከነበረ፣ ጣሊያን አምስት ዓመት ማንን አልፎ ነው የተቀመጠው?»

ደንበኞቹ ይስቁና ወደ ካባቸው ልክ ይመለሳሉ። ባንዳውን ሁሉ ከነዘሩ መሬት የዋጠችው ይመስል! ለነገሩ የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ካቻምና በነበረው ትንሽ ትርኢት አስካሪ ሆኖ የተጫወተው እህል ነጋዴው ይስማው ዛሬም ድረስ «ሶልዳቶ»፣ የጣሊያን ወታደር፣ ነው። ሚዛን በያዘ ቁጥር፣ «ሶልዳቶ፣ እንደ ጣሊያን ራሽን አትቆንጥርብን» ይሉታል።

ምሳው ነገሩ ሲያንገበግበው ከርሞ ቆረጠ። ታርቡሹን ራሱ ሊያደርግ፤ ተጫዋቹ ሁሉ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ሲፎክር እሱም የአያቱን ስም ከነሥራው ሊጠራ። አያቱ የጣሊያን ደመወዝ የበላ አስካሪ ነበር። ይህን የሚያውቅ ቤተሰቡ ብቻ ነው።

ሚስቱ የሻሽወርቅ ራሷን ያዘች። ልጃቸው ሠርካለም ለአምደወርቅ ከተማው ልጅ ለተስፋው ታጭታለች፤ ሠርጉ ግንቦት ላይ ነው። የተስፋው አባት አያ ለተሥላሴ ደግሞ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለታቸው በፊት ፊታውራሪ አያታቸውን የሚያነሱ ሰው ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ልጅህን ለወግ እስካደርስ ያችን ቆብ ተዋት። ከዚያ ወዲያ ከፈለግህ አድርገሃት ተኛ።»

ሠርካለም ስትጠየቅ፣ ከቆብ የሚሸሽ ባል ቀድሞ ቢሸሽ ይሻላል ብላ አሳቀቻቸው። ከዚያ ግን ጓሮ ዞራ ስታለቅስ አባቷ አያት። ስፌቱ ተበላሸበት፤ አንድ እጅጌ ገልብጦ ሰፋ።

ወሬ እግር አለውና በገበያው ቀን አያ ለተሥላሴ ከአምደወርቅ ሚኒባስ ወርደው በረንዳው ላይ ተሰየሙ። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ በሬ ተወራ፣ ስለ ፊታውራሪውም ተወራ። ምሳው ዛሬስ ጋብቻው ፈረሰ ብሎ በልቡ እየጠበቀ ፔዳሉን ይረግጣል። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ምስማሩ አመለከቱ።

«ይህን ነው አደርጋለሁ ያልከው?»

«እሱኑ ነው፣ አያ።»

አውርደው አገላበጡት፤ አብሮት የተሰቀለውን መታጠቂያም ጎትተው አዩት።

«ደግሞ አበላሽተኸዋል፣» አሉ። «ዘርፉ ቀይ፣ መታጠቂያው ቢጫ። እንዲህ ያለ ባታሊዮን የት አለ? የሁለቱ ቀለም አንድ ነው፤ ጦሩ ከጦር የሚለየው በእሱ ነው። አባቴ ሁለቱንም ቀይ ነበር የሚ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የስፌት መኪናውም ቆመ።

ምሳው ምላሱ ላይ ተረቡ ሁሉ ፊታውራሪ ልሁን እያለ ይጋፋል። አንዱን ቢለቀው ከተማው ለዓመት የሚስቅበት ነበር። የሠርካለም ዓይን ትዝ አለውና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጠው።

«ቀይ ጨርቅ አለኝ፣» አለ ዝቅ ብሎ። «አሁኑኑ እቀይረዋለሁ።»

አያ ለተሥላሴ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ትርፍ ታርቡሽ አለህ?»

«ለማን?»

«ለማን ትለኛለህ እንዴ? ራሴን ለካኝ እንጂ።»

ምሳው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የሽማግሌውን ራስ ከበበው። እሳቸው ደግሞ ከሥር ሆነው፣ «ፊታውራሪውም ቢሆን ውሸት አይደለም፤ በእናቴ በኩል ነው» አሉ።

ይህንንስ መዋጥ አልቻለም። «ታዲያ አያ፣ አባትና እናትዎ በየትኛው ወገን ተሰልፈው ነው የተጋቡት?»

«እሱን ሠርጉ ላይ እነግርሃለሁ፣» አሉ አያ ለተሥላሴ። «አሁን ሜትሩን አታጥብቀው።»