ዐሥረኛው ዓረፍተ ነገር

የበሰለ ዘይቱን በሸተተኝ ቁጥር ያ ጠዋት ይመለስብኛል። መርሳ ከተማ ባለው ግቢያችን፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር የነበርነው ስድስት ነን፦ አባቴ ይመር፣ እናቴ ፋጡማ፣ መርዶ ሊያረዱ የመጡት ሼህ ሙሄ፣ ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽ፣ የክፍል ጓደኛዬ የሆነችው ልጃቸው መሠረት፣ እና እኔ። ታላቅ ወንድሜ ኡመር አልነበረም፤ ሰዎቹ የመጡት በእሱ ጉዳይ ነበር።

ኡመር የሄደው በክረምት ነው። ለእናቴ «ግራና ገበያ ደርሼ እመጣለሁ» ብሏት ወጥቶ፣ እንደ ብዙ የሀብሩ ወጣት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ መነሳቱን ያወቅነው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከባሕር ዳርቻው ሲደውል ነበር። «ደህና ነኝ፤ ነገ እንሻገራለን» ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። ለእኔ የተረፈኝ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ያን መጽሐፍ ያለ አስተማሪ ከፊት ወደ ኋላ አነብ ነበር፤ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው አልሻገርም ነበር። ሰዎች የሚሉትንና የሚያምኑትን እንዴት እንደምናወራ ከሚያስተምረው ምዕራፍ የደረስኩት ጥቅምት ላይ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት መንገድ ነበረው፤ በአንዱ «እንዲህ ይባላል» ብሎ ይጀምርና ነገሩን ያስከትላል፣ በሌላው ደግሞ የሚወራበትን ሰው ራሱን ከፊት አቁሞ «እገሌ እንዲህ ሆኗል ተብሎ ይታመናል» ይላል። በሁለቱም ውስጥ የተናገረው ሰው፣ ያመነው ሰው አይታይም። ለምሳሌ የቀረበችው መርከብ ሰምጣለች ተብሎ ይታመናል፤ ማን እንዳመነ ግን መጽሐፉ አይናገርም ነበር።

ይህ ይገርመኝ የነበረው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ሐራ ገበያ ፍየል ይነግድ ነበር፤ ከቆላ ከሚመጡት አፋሮች ጋር ብዙ ዘመን ስለኖረ የእነሱን ወሬ አጠያየቅ ወርሶ ነበር። እነሱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ፤ ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ይጠየቅበታል። ስለዚህ እኛ ቤት «እንዲህ አሉ» ብሎ የገባ ሁሉ፣ ገና ሳይቀመጥ «ማን አየ?» ይባል ነበር።

መልመጃው ስለምናውቃቸው ሰዎች ዐሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚል ነበር። ስለ ክፍል አለቃችን፣ ስለ ሲሪንቃው አጎቴ፣ ስለ ዝናቡ እያልኩ ዘጠኙን ጨረስኩ፤ ትክክል መሆናቸውን ለማየትም ከእያንዳንዱ ሥር አማርኛውን እጽፍ ነበር። ዐሥረኛው ጠፋኝ። ያልተጠቀምኩበት ግስ የመርከቧ ብቻ ስለነበረ፣ ባሕር አጠገብ ያለ ደግሞ ከኡመር በቀር ሌላ ሰው ስለማላውቅ፣ የእሱን ስም አስገባሁበት። በማግስቱ መሠረት ልትገለብጥ ደብተሬን ወስዳ ከሦስት ቀን በኋላ መለሰችልኝ፤ ዐይኔን ግን አላየችኝም።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ሼህ ሙሄ መጡ። እትዬ አለምነሽ ገና በሩን ሲያልፉ ማልቀስ ጀምረው ነበር።

«ይመር፣ አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ» አሉ ሼህ ሙሄ። «ኡመርን ባሕር በልቶታል።»

እናቴ ከቆመችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ አልተነቃነቀም።

«ማን አየ፣ ሼህዬ?»

«አገሩ ሁሉ የሚለው ነው እንጂ።»

«አገር ዐይን የለውም። አንድ ሰው ይስጡኝ።»

«እኔ የሰማሁት ከባጃጁ ልጅ፣ ከሲሪንቃው ከአሊ ነው።»

«እንግዲያው እስከ ጁምዓ ይታገሱኝ» አለ አባቴ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ኡመር በሌለበት የሙታን ሶላት ሊሰገድበት ነበር፤ ያ ከተሰገደ ኡመር ሟች ነው፣ እናቴም የሟች እናት።

እኔ ያን ሰዓት ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። የጻፍኩት ነገር ደረሰ ብዬ፣ ወንድሜን የገደልኩት እኔ መሆኔን አምኜ፣ ደብተሩን ከሰሌኑ ሥር ደበቅሁት። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ከመሬት አልተነሳችም፣ እህልም አልቀመሰችም፤ ሰው ሲገባ ቀና ትልና አባቴ አለመሆኑን ስታይ ተመልሳ ታቀረቅር ነበር።

አባቴ ረቡዕ ሲሪንቃ ሄዶ አሊን አገኘው፤ አሊም «ከተሳፋሪዬ፣ ብርቱካን ከምትሸጠው ከዘነቡ ነው የሰማሁት» አለው። ሐሙስ ግራና ገበያ ወርዶ ዘነቡን ጠየቃት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እግሩ አቧራ ለብሶ ተመለሰና እነዚያኑ ስድስታችንን ከዛፉ ሥር ሰበሰበን።

«አለምነሽ፣ ሁለት ቀን ሄጄ መንገዱ አንቺ ደጅ ላይ ጣለኝ። ለዘነቡ የነገርሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ይመርዬ» አሉ እትዬ አለምነሽ። «እናንተ ሰምታችሁ ከፋጡማ የደበቃችሁት መስሎኝ እኮ ነው። እንዴት ብዬ እጠይቅሃለሁ?»

እውነታቸውን ነበር። በእኛ አገር መርዶ ሽማግሌ እስኪመጣ ይደበቃል፤ ቤተሰቡን ሄዶ «እውነት ነው ወይ?» የሚል የለም። ስለዚህ ወሬው ሲሪንቃና ግራና ሲዞር ሊያስተባብል የሚችለውን አንድ ቤት ብቻ አክብሮ ያልፈው ነበር።

«አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

እትዬ አለምነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። መሠረት በጣቷ እኔን አሳየች፤ «ደብተሩ ላይ አንብቤ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ደብተሩን ከሰሌኑ ሥር አውጥቼ አመጣሁ። አባቴ አንብብ አለኝ፤ እኔም አማርኛውን አነበብኩ፦ «ኡመር በባሕር ሰምጧል ተብሎ ይታመናል።»

«ማን ነው ያመነው?»

«ማንም። መልመጃ ነው። ዐሥር ጻፉ ይላል፣ ዐሥረኛው ጠፋኝ።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሼህ ሙሄ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ። «በዚህ ሽበቴ የልጅ የቤት ሥራ መርዶ አደረግሁ!» እትዬ አለምነሽ እያለቀሱ መሳቅ ጀመሩ። እናቴ አልሳቀችም።

«እንግዲያው ልጄ አልሞተም?»

አባቴ አጠገቧ ቁጭ አለ። «እሱን አላልኩም፣ ፋጡማ። ያየ የለም ነው ያልኩት።»

ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። ማንበብ ስለማትችል «የቱ ጋ ነው?» አለችኝና አሳየኋት፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆየችና «ሰርዘው» አለች። ሰረዝኩት። ከዚያ ተነስታ የቀሚሷን አቧራ አራግፋ፣ ከዛፉ አንድ ዘይቱን ቀጥፋ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያ የሆነውን ጉርሻ ቆማ በላች። ማንም አልመታኝም፤ ብመታ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ሳይሰገድ አለፈ። በጋው አልፎ ሌላ ክረምት ገባ፤ ኡመር አልደወለም። አልሰመጠም ያለን የለም፣ ሰምጧል ያለንም የለም። እስከ ዛሬ አልተሰገደበትም።

አሁን ወልድያ ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ ለሰው እንግሊዝኛ ደብዳቤ እየተረጎምኩ እኖራለሁ። ሰዎች «ተብሏል» የሚል ነገር በስልካቸው እያሳዩ እውነት ነው ወይ ይሉኛል፤ እኔም ማን አየ እላቸዋለሁ፣ እነሱም ስልኩን እንደገና ያሳዩኛል። ያኔ ወሬ በእግር ሁለት ቀን ተሄዶ መነሻው ይገኝ ነበር። ዛሬ አባቴ ጉልበቱ ደክሟል፤ ቢበረታ እንኳ ወደ የትኛው ደጅ እንደሚሄድ እኔም አላውቅም።

መሠረት፣ ይህን ካነበብሽ፣ ያን ቀን ዘይቱኑ የበሰለው በየትኛው ቅርንጫፍ ነበር፣ እናቴስ ፊቷን ወዴት አዙራ ነበር የበላችው? እትዬ አለምነሽ፣ አባቴ ሲገባ መጀመሪያ ያለው እኔ እንደጻፍኩት ነው? ያጎደልኩትን ሙሉልኝ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ። በዚያ ክረምት ከኡመር ጋር በዚያች ጀልባ የነበረ ሰው ካለም፣ እናቴ አሁንም እዚያው መርሳ፣ እዚያው ግቢ ናት። የሰማኸውን ተወው። ያየኸውን ብቻ ንገራት።