አልጋ ሥር የገባው ባቡር

ትናንት ዓባይ ማዶ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ የናፍጣው ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ደርግ ዘመን ድረስ ጎተተኝ።

አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተመድቦ ሲመጣ ባቡር እንደናፈቀው ቀረ። ከሰርዲን ቆርቆሮ ባቡር፣ ከሽቦ ሐዲድ ሠራልኝ። ቤታችን ግን ድመት ከገባች አንዳችን የምንወጣባት አንድ ክፍል ነበረች። እማዬ የፈቀደችልን አልጋ ሥሩን ብቻ ነው። እዚያም አባዬ ይዞት የመጣው ሻንጣ፣ ልብሱ እንደታጨቀ፣ ጥጉን ይዟል። ሐዲዱ ሻንጣውን ለመሸሽ ሲጠመዘዝ ባቡሩ በየዙሩ ይገለበጣል።

«ሻንጣውን አውጣዋ!» ትለዋለች እማዬ።

«የድሬዳዋ ዝውውሬ ድንገት ቢፈቀድስ?» ይላታል።

እኔ «ቤታችን ባቡር ገባ!» እያልሁ ሰፈሩን አዳረስሁ። ከአንበሳሜ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ወዲያው ስንዴ አሸክመው ከች አሉ። በእሳቸው አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነዋ!

አጎንብሰው አዩና፣ «ኧረ ይች ምኑን ትፈጨዋለች?» አሉ።

«ናፍቆት ነው የምትፈጭ፣ እትዬ» አለ አባዬ። ናፍቆት የእህል ዓይነት መሰለኝ።

«ታዲያ ጥጉን ልቀቅላታ፣ እንደ ልቧ ትዙር!»

አባዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሻንጣውን ጎትቶ አወጣና ልብሱን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ባቡሩም ሳይገለበጥ ዞረ።

ትናንት ተራዬ ደርሶ ፈጪው «ምንድን ነው የሚፈጨው?» ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን ቃል ውጬ «ስንዴ» አልሁት።